የአሠልጣኙ ዋስ

ላቀው ውሉን ጥሎ የሄደው አሰገደች ለቅሶ በዋለችበት ቀን ነው። ከመሄዱ በላይ ያናደዳት ይኸው ነበር። ሰው የተሻለ እንጀራ ሲያይ ልቡ ቢሸፍት ጉድ አይባልም፤ ፊት ለፊት ቆሞ «ልሄድ ነው» ማለት ግን ምን ይገድላል? እሷ እድርተኛዋን ቀብራ ስትመለስ ደባሏ አልጋውን፣ ብረት ድስቱንና ነፍሰ ጡር ሚስቱን ማሚቴን በፋብሪካ መኪና ጭኖ የውሃ ሽታ ሆኗል። የክፍሉ በር ገርበብ እንዳለ ነው። ግድግዳው ላይ የመረብ ኳስ ቡድኑ ፎቶግራፍ ተሰቅሎበት የነበረው ምስማር ብቻውን ቀርቷል። ፎቶግራፉን ወስዶታል፤ የተዋቸው በፎቶግራፉ ላይ ያሉትን ልጃገረዶች ነው።

ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ ሰፈሩ መካኒሳ ነው። አሰገደች ባሏ ከሞተባት ወዲህ በቀበሌው ኅብረት ሱቅ ስኳርና ጤፍ እየመዘነች የምትኖር፣ ሚዛን ላይ ለማንም የማታዳላ፣ በዚሁም ምክንያት ግማሹ ሰፈር የሚያከብራት ግማሹ የሚያማት ሴት ናት። ትርፍ ቤት ሲወረስ የተረፋት አንድ ቤት ብቻ ስለነበር፣ ከዚያችው ላይ አንዷን ክፍል ለደባል ሰጥታለች። ላቀው ከደብረ ማርቆስ መጥቶ፣ ወደ ላፍቶ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለው የቴክኒክ ኮሌጅ የሴቶች መረብ ኳስ አሠልጣኝ ሆኖ ሲቀጠር፣ ኮሌጁ እንደ ደንቡ ዋስ አምጣ አለው። አዲስ አበባ ላይ ከእሷ ሌላ የሚያውቀው ሰው አልነበረም። ለመናት፤ ሄዳ ፈረመች። ሁለት ዓመት ሥራውን ሳይጥል እንዲያገለግል ዋስ ሆነች። ይኼ እንኳ ቀላሉ ነው።

ከባዱ የመጣው በኋላ ነው። ኮሌጁ በስፖርት ችሎታቸው ከየክፍለ ሀገሩ የመረጣቸው ልጃገረዶች ሲገቡ፣ ሣራ የምትባለውን አባቷ አቶ ሙሴ ከወላይታ ሶዶ ድረስ እጇን ይዘው አመጧት። አቶ ሙሴ ጴንጤ ናቸው። የሚጸልዩበት ቤት ታሽጎ፣ ወንድማቸው ታስሮ፣ የመንግሥት ማኅተም ያለበትን በር ሁሉ በጥርጣሬ የሚያዩ ሰው ሆነዋል። የኮሌጁን ዲን ንግግር እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰሙና ወደ ላቀው ዞረው፣ «ልጄን አደራ የምሰጠው ለዚህ ሰው ነው። ለእሱስ ዋሱ ማነው?» አሉ። ላቀው ሳቀ። ሰውየው አልሳቁም። ሌሎቹም ወላጆች ጆሯቸውን አቀኑ። ሰው ተልኮ አሰገደች ከሱቅ ከነሽርጧ መጣች፤ በሁሉም ፊት እጇን አንስታ፣ «ዋሱ እኔ ነኝ» አለች። «ልጆቻችሁ ትምህርታቸውን እስኪጨርሱ ይኼ ሰው ከሜዳው አይጠፋም። ቢጠፋ እኔን ጠይቁኝ።» አቶ ሙሴ የልጃቸውን እጅ ለቀው የእሷን ጨበጡ።

አደራ ጥብቅ ነው፣ ሰማይ ሩቅ ነው ይባላል። እንግዲህ ሰማዩ ርቆ፣ ላቀውም ርቆ፣ አደራው እሷ ቤት ቀረ።

ላቀው በሄደበት ቀን ወደ ማታ ሣራ መጣች። ከቁመቷ የተነሳ በየበሩ ጎንበስ ማለት የለመደች ልጅ ናት፤ ጎንበስ ብላ ገባችና ሳትቀመጥ የሰማችውን ሁሉ ነገረቻት። አሠልጣኙን የወሰደው ንፋስ ስልክ ያለ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ነው። የሴቶች ቡድን አቋቁሟል፤ ግቢው ውስጥ ቧንቧ የገባለት ቤት ሰጥቶታል፤ ከበላይ አካል የዝውውር ደብዳቤ አጽፎለታል። ዲኑ ጓድ አምሐ ልጆቹን ሰብስበው፣ ለዘንድሮው ውድድር የሚመዘገብ አሠልጣኝ እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ካልተገኘ ቡድኑ እንደሚፈርስ አስታውቀዋል። የተኙበት አልጋ የስፖርተኛ አልጋ ነው፤ ቡድን ከሌለ አልጋ የለም። አንዷ ልጅ ከወዲሁ ሻንጣዋን አስራ ወደ አርሲ ሄዳለች። የቀሩት ሰባት ናቸው።

«አባዬ ከሰማ በማግስቱ ይመጣል» አለች ሣራ። «ይዞኝ ይሄዳል። ከዚያ ወዲያ ትምህርት የለም፤ የሚጠብቀኝ ባል ነው።»

አላለቀሰችም። ብታለቅስ ለአሰገደች ይቀላት ነበር። በሃምሳ ሁለት ዓመቷ ብዙ ነገር አጥታለች፤ ባል፣ ቤት፣ አንድ ወንድም። ቃሏን ግን ማንም ወርሶባት አያውቅም። አሁን ያም የተወሰደ መሰላትና ፊቷ በእፍረት ጋለ።

በማግስቱ ከሱቅ ፈቃድ ጠይቃ ኮሌጁ ሄደች። ጓድ አምሐ መልካም ሰው ናቸው፤ ችግራቸው ከበላይ የመጣ ወረቀት ሲያዩ ወገባቸው መላላቱ ነው። ሻይ አዘዙላት። ውል ውል ቢሆንም የበላይ ትእዛዝ እንደሚሽረው፣ አሠልጣኝ መሸሽ የዚህ ኮሌጅ ብቻ ችግር እንዳልሆነ፣ ፋብሪካዎቹና ጦር ክፍሎቹ ደህና አሠልጣኝ ባዩ ቁጥር እየጠለፉ እንደሚወስዱ አስረዷት። በመጨረሻም የምሥራች የሚነግሯት ይመስል፣ ኮሌጁ ከዋስነቱ ነፃ እንዳደረጋት ነገሯት።

«እኔ ቃሌን መቼ ለኮሌጁ ሰጠሁ?» አለች አሰገደች። «ለአባቶቻቸው ነው የሰጠሁት። እነሱ ናቸው ነፃ የሚያወጡኝ።»

ጓድ አምሐ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። እንግዲያው አሠልጣኝ ያምጡ፣ እኔም እመዘግባለሁ አሏት። ሻዩን ሳትጠጣ ወጣች።

ፋብሪካው በር ላይ ሁለት ጊዜ ሄዳ ሁለት ጊዜ ተመለሰች። ዘበኛው ሮበሌ «ጓድ ላቀው ስብሰባ ላይ ናቸው» ይላታል፤ ከአጥሩ ወዲያ ግን የእሱን ፊሽካ ትሰማለች። በሦስተኛው ቀን የፈረቃ መውጫ ሰዓት ጠብቃ፣ ሠራተኛው እንደ ጎርፍ ሲወጣ በሩ ላይ ቆመች። ላቀው ግራጫ ኮቱን ለብሶ፣ አንገቱን ሰብሮ፣ በሰው መሀል እየተሸሎከለከ መጣ። ዓይኗን ሲያይ እግሬ አውጪኝ ሊል ቃጣው፤ እሷ ግን የነጠላዋን ጫፍ በኮቱ ቁልፍ ቀዳዳ አሾልካ፣ ከነቁልፉ ጥርቅም አድርጋ ቋጥራዋለች።

ይህ ነገር ቁራኛ ይባላል። በዚያ ሰዓት እዚያ ከነበሩት ወጣት ሠራተኞች ብዙዎቹ ከአያቶቻቸው ወሬ በቀር አይተውት አያውቁም። አሰገደች ግን በልጅነቷ መንዝ ውስጥ አይታለች፤ ከሳሽና ተከሳሽ በልብሳቸው ጫፍ ተቋጥረው፣ አብረው እየሄዱ፣ አብረው እየበሉ፣ ዳኛ ፊት እስኪደርሱ አይፈቱም። መንገድ ላይ ያገኙትን ሽማግሌ ዳኝነት ከጠየቁትም ቆሞ መፍረድ ግዴታው ነው። የሚያስቆመው ቃል አለው። እሷም አፏን ከፈተች፤ «በን» ብላ ዋጠችው። የጥንቱ ቃል በንጉሥ አምላክ የሚል ነበር። ንጉሡ ከወረዱ ስንት ዓመታቸው፤ ያንን ስም በአደባባይ የጠራ ሰው ማታ ቤቱ ስለማደሩ ዋስ የለውም። ሰዉ እየተመለከታት ነው። የተጀመረ ቃል ደግሞ መጨረስ አለበት።

«በአብዮቱ አምላክ ቁም!» አለችው።

አብዮቱ አምላክ እንደሌለው በየሳምንቱ በውይይት ክበብ ሲነገራቸው የኖሩ ሠራተኞች፣ መሳቅ ፈርተው ጫማቸውን ያዩ ጀመር። የፋብሪካው ካድሬ እየሮጠ መጣና አፉን ከፍቶ ቀረ። አብዮቱ አምላክ የለውም እንዳይል፣ በአብዮቱ ስም የቆመን ሰው ሂድ ማለት ይሆንበታል። ቁም እንዳይል ደግሞ፣ ያው አምላክ አለው ማለት ነው። ሲቸግረው ይህ የፊውዳል ሥርዓት ርዝራዥ ነው፣ ፍቺው አላት። አሰገደች ዳኛ ይፍታኝ አለች።

አብደላ የሚባሉ አዛውንት የጨርቅ ቆራጭ ነበሩ፤ ሥራቸውንም ሶላታቸውንም ሳያስተጓጉሉ ሦስት መንግሥት ያዩ ሰው። ኮፊያቸውን አስተካክለው ወደ ፊት መጡና ካድሬውን በለሆሳስ፣ ሰፊው ሕዝብ እርስ በርሱ ቢዳኝ ምን ክፋት አለው፣ አሉት። ካድሬው ከዚህ ጣጣ የሚያወጣው ሰው በማግኘቱ ደስ ብሎት ወደ ኋላ አለ። አብደላም እንደ ደንቡ ሁለቱንም «ዳኛችሁ ነኝ?» ብለው ጠየቁ። እሷ አዎን አለች። ላቀው ዙሪያውን አየ፤ የሚያሠለጥናቸው የፋብሪካው ልጆች ሳይቀሩ ቆመው ያዩታል። እሱም አዎን አለ። በሬ በቀንዱ፣ ሰው በአንደበቱ ይያዛል።

አሰገደች ነገሯን ባጭሩ ተናገረች። ላቀውም የራሱን ተናገረ፤ ውሃ የማያነሳ ምክንያት አልነበረም። ማሚቴ ወሯ ገብቷል። አንዲት ክፍል ውስጥ፣ ጣሪያው በሚያፈስ ቤት፣ የበኩር ልጁ እንዲወለድ አልፈለገም። ፋብሪካው ዛሬ ካልመጣህ ነገ ሌላ እንቀጥራለን አለው። አሰገደች ስለ ጣሪያው ሲናገር ቅር አላት፤ ግን እውነቱን ነው፣ ያፈሳል። ማሚቴንም እንደ ልጇ ነው የምትወዳት። ከዚህ በፊት እንዲህ ቢላት ኖሮ አልጋውን አብራው ትጭን ነበር።

አብደላ ሁለቱንም ሰምተው ፈረዱ። «ከበላይ የታሰረውን እኔ አልፈታም። ይመለስ አልልም። የዋስ ዕዳ ግን ሰውየውን ማቅረብ ነው። እኅቴ፣ ይዘሽው ሂጂ። ቃል የገባሽላቸው ልጆች ፊት አቁሚው፤ እነሱ ይፍቱት። ነገ በፈረቃው እዚህ ይገኛል።»

እንደተቋጠሩ በአውቶቡስ ሄዱ። ቲኬት ቆራጩ ነጠላውን አየ፣ ኮቱን አየ፣ የሁለት ነው የአንድ ሰው ብሎ ጠየቀና ራሱ ሳቀ። ላቀው ላብ አጠመቀው። አሰገደች ግን ቀጥ ብላ ቆማ ጎፋን በመስኮት ታይ ነበር። ሳትፈራ ቀርታ አይደለም፤ ካድሬው ስሟን ጽፎ እንደሆነስ ትል ነበር። ፈርታም ሄደች።

ልጆቹ ሜዳ ላይ ነበሩ። አሠልጣኝ ባይኖርም ሣራ በየቀኑ እየሰበሰበች ታሯሩጣቸዋለች። ሁለቱ ተቋጥረው ሲመጡ ሲያዩ ኳሷ ከእጃቸው ወድቃ ተንከባለለች። ላቀው ንግግር አዘጋጅቶ ነበር፤ ስለ ትእዛዝ፣ ስለ ብሔራዊ ጥቅም። የሰባቱን ፊት ሲያይ ግን ጠፋበት።

«ሄጃለሁ» አላቸው። «ቤት አገኘሁ፤ ሄድኩ። ያልነገርኳችሁ ዓይናችሁን ማየት ፈርቼ ነው።»

ከሰባቱ የተናገረችው ሣራ ናት። «አሠልጣኝ፣ መሄድዎ አይደለም» አለችው። «ማንን ትተውልን ሄዱ?»

ላቀው ስለሚተካው ሰው አስቦ አያውቅም። አሰገደች ዓይኑ ሲዋልል አየች፤ ከዚህ ሰው ሌላ ሰው እንደማይወጣ ገባት። ዋስ የጎደለውን ከየት ይሞላል? ከራሱ ነው።

«እኔን» አለች።

ሁለት ልጆች ሳቁ። ላቀውም ፈገግ ሊል ነበር፤ ፊቷን አይቶ ተወው። በምዝገባው ላይ የሚፈለገው ስምና ፊርማ ነው፤ እኔ ስምም ፊርማም አለኝ፣ አለች። የማላውቀውን ደግሞ አንተ ታስተምረኛለህ። ፋብሪካው ሌላ ቡድን እንዳታሠለጥን ከልክሎህ ይሆናል፤ የድሮ አከራይህን መጥተህ እንዳትጠይቅ ግን አልከለከለህም። እኔ ከአንተ እሰማለሁ፣ ለልጆቹ እነግራለሁ። ላቀው አይሆንም ለማለት ምክንያት ፈለገ፤ አጣ። ሣራ ቀርባ ቋጠሮውን ትፈታ ጀመር። ጠብቆ ነበርና ስትጎትተው የኮቱ ቁልፍ ተበጥሶ ወደቀ። አሰገደች ከመሬት አንስታ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው።

«ልጆቹ እስኪጨርሱ እኔ ጋ ይቆያል» አለች።

ጓድ አምሐ ስሟን ሲሰሙ መጀመሪያ ቀልድ መሰላቸው። አሠልጣኝነት እኮ እውቀት ነው አሏት። እውቀት ያለው ሄደ፣ የቀረሁት እኔ ነኝ አለቻቸው። ዲኑ ሰባት ልጆችን አሰናብቶ ለሰባት አባት ደብዳቤ ከመጻፍ ይህ ይሻላል ብለው ይሁን አሉ፤ ግን አንድ ነገር አስጠነቀቋት። ሴት አሠልጣኝ፣ ያውም የኅብረት ሱቅ ሠራተኛ መመዝገባቸው ከተሰማ ሳቅ ነው። አንዴ ፎርፌ ሰጥታችሁ ከወጣችሁ፣ አንዴ ጨዋታ ከጎደለ፣ እዚያው ላይ አበቃ። ማሸነፍ አልጠየቅኩም፣ ጨርሱት፣ አሏት።

ላቀው ቃሉን ጠበቀ። በሳምንት ሁለቴ ከሥራ በኋላ በጓሮ በር ይገባል፤ ጎረቤት እንዳያየው ኮፍያውን ደፍቶ። መረባቸው የልብስ ማስጫው ገመድ ነበር። አሰገደች ከገመዱ ወዲህ፣ እሱ ከገመዱ ወዲያ፣ በመሀል አንሶላ ተሰጥቶ ካልደረቀ ከአንሶላው ሥር እያዩ ይማራሉ። ኳሷን አትዪ፣ የመቺዋን ትከሻ ነው የሚታየው ይላታል ሲያስተምራት፤ ከዚያ «ይቅርታ እትዬ፣ አይዩ» ብሎ ያርመዋል። እሷ ቶሎ የሚገባት ሴት አልነበረችም። ሦስቴ ትጠይቀዋለች፣ አራቴ ታስደግመዋለች። ፊሽካው ለብዙ ሳምንት አልጮኽ ብሏት፣ በምላሷ ነበር የምታስጮኸው። ግን አንዴ የያዘችውን አትለቅም። ያስተማራትን በማግስቱ ጎህ ሲቀድ፣ የሱቁ በር ከመከፈቱ በፊት፣ ሜዳው ላይ ቆማ ቃል በቃል ትነግራቸዋለች። አንዳንዴ እንደ እሱ አንገቷን ሰበር አድርጋ ነው የምትነግራቸው። ልጆቹ መጀመሪያ በነጠላቸው ተሸፍነው ይስቁባት ነበር። ቆይተው ከእሷ በፊት ሜዳ መድረስ ጀመሩ።

ማሚቴ ወንድ ልጅ ወለደች። አሰገደች አጥሚት ይዛ ፋብሪካው ግቢ ድረስ ሄዳ ጠየቀቻት፤ ሮበሌም ያለ አንዳች ጥያቄ በሩን ከፈተላት።

ጨዋታው አንድ በአንድ አለቀ። አብዛኛውን ተሸነፉ፤ ጥቂቱን አሸነፉ፤ ፎርፌ ግን አልሰጡም። የመጨረሻው ጨዋታ ሲወጣ ከማን ጋር እንደሆነ አስቀድሞም ያስታውቅ ነበር፤ ከላቀው ፋብሪካ ጋር፣ በፋብሪካው ግቢ። ከዚያ በፊት በነበረው ማታ ላቀው በጓሮ በር መጥቶ፣ ተቀምጦ፣ ተነሥቶ፣ እንደገና ተቀመጠ።

«እንደነገርኩዎት፣ ሣራ በግራዋ በኩል ዝቅ ብሎ የሚመጣ ኳስ አይሆንላትም» አለ በመጨረሻ። «የእርስዎ ተጋጣሚ ብሆን በዚያ ነው የምገባው።»

«ተጋጣሚዬ ነህ» አለችው። «በዚያ ግባ። ነገ ለእኛ ያዘንክልን እንደሆነ፣ እዚያው ሜዳ መሀል ነው የምቋጥርህ።»

በማግስቱ የፋብሪካው ሠራተኛ በሲሚንቶው ሜዳ ዙሪያ ግጥም ብሎ ቆመ። አብደላ ከፊት ናቸው። ጓድ አምሐ ወንበር ተሰጥቷቸዋል። ከሰባቱ ልጆች አንዷ ታይፎይድ ይዟት ተኝታለች፤ የቀሩት ልክ ስድስት ናቸው። አንዷ ከወጣች ጨዋታውም፣ ቡድኑም፣ አልጋውም አለቀ። የመጀመሪያውን ዙር ተሸነፉ። በሁለተኛው ላቀው እጁን ወደ ግራ አመለከተ፣ የፋብሪካውም ልጆች ኳሱን በሣራ ግራ ዝቅ አድርገው ይለጉት ጀመር። ሣራ ግን ይህን ኳስ ስትጠብቀው ነው የከረመችው፤ ላቀው ይህን ድክመት ለአሰገደች ከነገራት ብዙ ወር ሆኖታል፣ የትናንቱ ለማስታወስ ነበር። አሰገደች ጎህ በቀደደ ቁጥር በዚያው በግራዋ እያስወረወረች አለፋታለች። ልጅቷ በጉልበቷ ወርዳ አነሳችው፤ ደግመው ለጉት፣ ደግማ አነሳች። ያንን ዙር ኮሌጁ ወሰደ። አብደላ ከፋብሪካቸው ወገን መሆናቸውን ረስተው አጨበጨቡ።

ሦስተኛውን ፋብሪካው አሸነፈ። አራተኛው ላይ ሣራ ኳስ ልትመልስ ስትወረወር እጇ ሲሚንቶው ላይ አረፈና አውራ ጣቷ ታጠፈ። ፊቷ አመድ መሰለ። ዳኛው ጨዋታውን አስቁሞ አሰገደችን ይቀጥላሉ ወይስ ያቆማሉ ብሎ ጠየቃት። አሠልጣኝ እንዲህ ባለ ጊዜ ምን እንደሚያደርግ ላቀው አላስተማራትም። ዞራ ልጅቷን አየቻት። ሣራ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ እየጸለየች ነው፣ ግን በዚያ ዘመን ድምፅ አይወጣም። ስትጨርስ ጣቷን ዘረጋችላት። አሰገደች የነጠላዋን ጥለት በጥርሷ ቀድዳ፣ ሰንጥቃ፣ አውራ ጣቷን ከሌባ ጣቷ ጋር ጥርቅም አድርጋ አሰረችው።

«እንቀጥላለን» አለች።

የፋብሪካው ለጊ ኳሷን ይዛ ወደ ላቀው አየች። የተጎዳች ልጅ ላይ ይለጋል? ላቀው አሰገደችን አየ። ከዚያ እጁን ወደ ግራ አመለከተ። አሰገደች ያንን ስታይ ልቧ ሞቀ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ይህን ሰው አከበረችው። ሣራ በታሰረ ጣቷ አነሳችው፤ አንዱን፣ ሌላውን፣ ከዚያም ያላነሳችውን። ዳኛው የመጨረሻውን ፊሽካ ነፋ። ሦስት ለአንድ ተሸነፉ።

ስድስቱ ልጆች ግን እንደ አሸናፊ ተቃቅፈው ይዘሉ ነበር፣ ስድስቱም ያለቅሱ ነበር። ጓድ አምሐ ከወንበራቸው ተነሥተው፣ ጨርሳችኋል፣ አልጋችሁ አልጋችሁ ነው አሉ። ትምህርታቸው ሊያልቅ የቀረው ፈተና ብቻ ነው። አሰገደች አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። አቶ ሙሴን አሰበቻቸው። አሁን ቢመጡ ዓይናቸውን ታያለች።

ከዚያ ተነሥታ፣ የተቀደደ ነጠላዋን አደላድላ፣ ሜዳውን አቋርጣ ወደ ላቀው ሄደች። ሰዉ ልትቋጥረው መስሎት መሳቅ ጀመረ፤ ላቀውም ሳያስበው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። እሷ የነጠላዋን ጫፍ ፈትታ ግራጫዋን ቁልፍ አውጥታ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት።

«ዋስነቴ ወረደ» አለችው። «ነፃ ነህ። ፋብሪካህ ልብስ ሰፊ ነው፣ እነሱ ይትከሉልህ።»

ላቀው ጣቶቹን በቁልፏ ላይ አጠፈ። ዓይኑ እርጥብ ነበር። በፋብሪካው የሙከራ ጊዜው አልቋል፣ ቋሚ ሊያደርጉት ነው፣ ለሦስት ዓመት ይፈርማል። ዋስ አምጣ ካሉት ሰንብተዋል። ይህን ሁሉ ጊዜ በጓሮ በር ሲመላለስ አፉ ላይ እየደረሰ ይመለስበት ነበር።

«ከእርስዎ ሌላ ማንም የለኝም፣ እትዬ» አላት። «መጠየቅም አፍራለሁ።»

አሰገደች በእሱ ትከሻ ላይ አሻግራ የፋብሪካውን ልጆች አየች፤ ላብ በላብ ሆነው፣ አሸንፈው፣ አሠልጣኛቸው ከዚህች ሴትዮ ጋር ምን እንደሚያወራ እያዩ። እነሱም የሰው ልጆች ናቸው። በእጇ ጠራቻቸው፤ መጥተው ከበቧት። አብደላም እንዲሰሙ ጠጋ አሉ።

«ለዚህ ሰው ዋሱ እኔ ነኝ» አለቻቸው። «ሦስት ዓመት ከዚህ ሜዳ አይጠፋም። ቢጠፋ ቤቴ መካኒሳ ነው፣ ኅብረት ሱቁን ጠይቃችሁ ኑ። ነጠላዬ ተቀደደ እንጂ አላለቀም።»

ልጆቹ ሳቁ። ላቀው ግን አልሳቀም። መዳፉን ዘርግቶ ቁልፏን መለሰላት፤ እሷም ከተቀደደው ጥለት የተረፈውን ጫፍ ፈልጋ እንደገና ቋጠረቻት።